አልገጥም ያለው ምስል

ይሄን የምጽፈው በእውነት የሆነ ነገር ስለሆነ ነው። ያመነ ይመን። ያላመነ ቢስቅብኝም አልቀየምም... እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ እስቅ ነበር።

የደረሰው በታላቅ እህቴ ላይ ነው። እሷ የነገረችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ አወራችኋለሁ። መጨረሻውን ግን የነገረኝ የለም። ቆሜ ያየሁት ነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ። ፀሐይዋ እንደ ጉድ ትፋጃለች፤ መብራት አልጠፋ፣ ዝናብ የለ፣ የመሥሪያ ቤቷ ኮሪደር በሰው ተሞልቷል። የሚያስፈራ ነገር ሊመጣ ነው ብላችሁ የምትጠረጥሩበት ሰዓት አይደለም።

እህቴን እታለም ነው የምላት። የምትሠራበት ቦታም ሁሉም እታለም ይላታል። አለቃዋ ዶክተሩ እንኳ፣ በዕድሜ አባቷ ሊሆን ምንም አይቀረውም፣ እሱም እታለም ነው የሚላት።

ሥራዋ አንድ የምርመራ ማዕከል ውስጥ ነው። ሰው ታነሳለች። ፎቶ ማለቴ አይደለም... ውስጡን። ምድር ቤቱ ላይ ሁለት ክፍል አለ። አንዱ ሲቲ ስካን ነው፤ አጥንትን አጥርቶ ያሳያል። ሁለተኛው ኤምአርአይ ነው፤ ሥጋውን፣ ጅማቱን፣ አንጎሉን ያሳያል።

በዚያ ሰሞን አዲስ ፕሮግራም ገባላቸው። የአንድን ሰው ሁለት ምስሎች ይወስድና ደርቦ አንድ ያደርጋቸዋል። አጥንቱም ሥጋውም ባንድ ላይ ይታያል። ልጆች ሆነን ሥዕል መስኮት ላይ አስደግፈን በስስ ወረቀት እንደምንገለብጠው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ወረቀቱን የሚያስተካክለው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። የአጥንቱን ጠርዝ፣ የዓይኑን ጎድጓዳ፣ የአፍንጫውን ቀዳዳ እየፈለገ ያገናኛል። ከገጠመለት ዳር ዳሩን አረንጓዴ መስመር ያወጣል።

ካልገጠመለት ቀይ።

እታለም ቀይ አይታ አታውቅም።

ዶክተሩ ሲያሠለጥናቸው ግንባሩን እዩ ብሏቸው ነበር። ግንባራችን አጥንት ውስጥ ባዶ ቦታ አለ። የእያንዳንዱ ሰው ቅርጹ የራሱ ነው፤ እንደ ጣት አሻራ። መንታዎች እንኳ ይለያዩበታል።

በዚያ ማክሰኞ የመጣው ሰውዬ ልብስ ሰፊ ነው። ስልሳን የተሻገረ፣ ከሲታ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ። ሚስቱ ናት ይዛው የመጣችው። ከወራት በፊት ራሱን አሞት ሲቲ ተነስቷል። አሁን ደግሞ ሐኪሙ ኤምአርአይ ይጨመርና ሁለቱ ይዋሃዱ ብሎ ልኮታል።

የተለመደ ሥራ ነው። እታለም አስተኛችው፣ ጆሮውን ሸፈነችለት፣ ቢጨንቅህ ተጫነው የሚባለውን የጎማ ኳስ እጁ ላይ አስያዘችው፣ ወደ ጠባቡ ቀዳዳ አስገባችው። በሩን ዘግታ መስታወቱ ጀርባ ተቀመጠች።

ኤምአርአይ ገብታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ይጮኻል። በርሜል ውስጥ ከትተው በመዶሻ የሚደበድቡባችሁ ነው የሚመስለው። ጀግና ነኝ ያለ ሁሉ እዚያ ሲገባ እግሩን ያንቀሳቅሳል፣ ምራቁን ይውጣል። ምራቅ መዋጥ ብቻውን ምስሉን ያደበዝዘዋል።

የልብስ ሰፊው ምስል አልደበዘዘም።

አንድ በአንድ እየመጣ ነው... ጥርት ብሎ። እታለም በሥራ ዘመኗ እንዲህ የጠራ ምስል አላየችም። መጀመሪያ ደስ አላት።

ቆይቶ ደስታዋ ቀዘቀዘ።

ሰውዬው ምራቁን አልዋጠም። አንድ ጊዜም። በመስታወቱ አሻግራ ደረቱ ላይ ያለበሰችውን ብርድ ልብስ አየችው። ከፍ አይልም... ዝቅ አይልም።

ደነገጠች። ደህና ነዎት ወይ ልትለው ወደ ማይክሮፎኑ ቁልፍ እጇን ሰደደች።

«ደህና ነኝ፣ ልጄ።»

ድምፁ በማጉያው መጣ።

እጇ ግን ገና ቁልፉ ጋ አልደረሰም ነበር።

አልሰማሁም ብላ ራሷን አሳመነች። ሥራ በዝቶባት፣ ደክሟት ነው አለች። ሰውዬውን አውጥታ ልብሱን እንዲለብስ ወደ መቀየሪያው ክፍል ላከችውና ሁለቱን ምስሎች ለፕሮግራሙ ሰጠች።

ትንሽ አሰበ።

ቀይ።

እንደገና ሞከረች። ቀይ። በእጇ እያሽከረከረች፣ እየገፋች ልታገጣጥማቸው ታገለች። አፍንጫው ሲገጥም መንጋጋው ያፈነግጣል። መንጋጋውን ስታስተካክል ዓይኑ ይሸሻል።

ዶክተሩን ጠራችው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየና ሳቀ። የካርድ ክፍል ልጆች የሌላ ሰው ምስል በሱ ስም አስቀምጠው ነው፣ ፈልጊና አስተካክዪው ብሏት ወጣ።

ነገሩ ልቧ ውስጥ ገባ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ለዚህ ደግሞ ፕሮግራሙ መላ አለው። አንድ ምስል ትሰጡትና እስከ ዛሬ ከተነሱት ሁሉ የሚገጥመውን አምጣ ትሉታላችሁ። የሰውዬው የድሮ ምስል በስህተት በሌላ ስም ተቀምጦ ከሆነ ያወጣዋል።

የዛሬውን ምስል ሰጠችው።

አረንጓዴ።

ተመስገን ብላ ስሙን አየች። የሴት ስም ነው። የሰባ ዓመት አሮጊት።

ስህተት መሆን አለበት ብላ ሳትጨርስ ፕሮግራሙ ሌላ አወጣ። አረንጓዴ። እሱ ደግሞ ወጣት ነው፤ ሥራው ሾፌር።

እታለም ፕሮግራሙን ትታ በገዛ ዓይኗ ግንባራቸውን አየች። በልብስ ሰፊው የድሮ ምስል ላይ ባዶው ቦታ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል። በዛሬው ላይ ግን ቀጭን ናት። ወደ ግራ የታጠፈች ጣት ትመስላለች።

አሮጊቷ ግንባር ላይ ያቺው ጣት።

ሾፌሩ ግንባር ላይ ያቺው ጣት።

ሦስት ሰው... አንድ ራስ ቅል።

ሾፌሩ ከዚያ በፊት የተነሳው ሌላ ምስልም ነበረው። ከፈተችው። እሱ ላይ ጣቷ የለችም። የሌላ ሰው ግንባር ነው። ማለትም ሾፌሩ መጀመሪያ ሲመጣ ራሱ ነበረ። ሁለተኛ ሲመጣ...

በሩ ተንኳኳ።

ሚስትየው ናት። ገባችና በሩን ቀስ ብላ ከኋላዋ ዘጋችው። ባሏ ገና አልወጣም፣ ቁልፉን አንድ በአንድ እየቆለፈ ነው አለች። አጠገቧ መጥታ ጎንበስ አለች።

«ልጄ... ገጠመ?»

«ምኑ፣ እናቴ?»

«ሁለቱ ምስል። ገጠመ?»

እታለም ከዶክተሩ በፊት ውጤት መናገር አትችልም። ሕጉ ነው። ይሄንኑ ልትላት አፏን ከፈተች። ሴትዮዋ ግን ቀደመቻት። ራስ ምታቱ ከለቀቀው ቆይቷል አለቻት። ሐኪሙ ሁለቱ ምስሎች ተደርበው እንደሚታዩ ሲያወራ ሰምታ፣ አሁንም ያመዋል ብላ ዋሽታ ለምና ያስላከችው እሷ ናት። የመጣችው ለዚህ ብቻ ነው።

እታለም ስክሪኑን ወደሷ አዞረችና ቀዩን መስመር አሳየቻት።

ከዚያ የሾፌሩን ስም አወጣችና ይሄን ሰው ያውቁታል ወይ ስትል ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ወንበሩን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች።

ታውቀዋለች። ተከራያቸው ነበር። አሮጊት አክስቱን ሲያስታምም ኖሮ፣ አክስቴ ወደ ዘመዶቿ ሄደች ብሎ ነው እነሱ ግቢ ክፍል የተከራየው። ብዙም ሳይቆይ ራሱን ያመው ጀመር። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ሱቁን እየዘጋ ወደዚህ ለምርመራ ያመላልሰው ነበር። እግረ መንገዱን እኔንም ያመኛል ብሎ ራሱም ተነሳ። አንድ ቀን ሁለቱ ወጥተው ባሏ ብቻውን ተመለሰ። ልጁስ ስትለው፣ ወደ ዘመዶቹ ሄደ አላት።

ከዚያ ወዲህ ቤቷ ውስጥ ያለው ሰው መልኩ የባሏ ነው። ድምፁ የባሏ ነው። ግን ሲሰፋ አያንጎራጉርም። ሌሊት በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ባሏ ሲያንኮራፋ ቤቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሰላሳ ዓመት ስትማረርበት ኖራ፣ ዛሬ ያ ማንኮራፋት ናፈቃት። ይሄን ስትል ፈገግ ልትል ሞከረች... አልሆነላትም።

«ቀሚስ ይሰፋል» አለች፣ በሹክሹክታ። «ማንም ሳያዝዘው። በኔ ልክ።»

«ለክቶዎት ነው?»

«አልለካኝም። ግን ልኬ ነው። ለማን ነው ስለው... ለኋላ ነው አለኝ።»

እታለም እጇን ያዘቻት። የኋላ በር አለ፣ በዚያ ይውጡ፣ እህት ወንድም ካለዎት ዛሬውኑ እነሱ ጋ ይሂዱ፣ ሰውዬውን እኔ አቆየዋለሁ አለቻት። ሴትዮዋ አድምጣ ስትጨርስ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ይሄ እሱ ካልሆነ... የኔው የታለ?»

እታለም ወደ ኋላ በሩ ልትስባት ሞከረች።

«የት እንዳለ የሚያውቅ ይሄ ብቻ ነው። ጥዬው ብሄድ ማንን እጠይቃለሁ?»

ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ሴትዮዋ ተነስታ ነጠላ ጫማዋን አስተካከለች። እታለም ስልክ ቁጥሯን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ እጇ ውስጥ አስጨበጠቻት። ሌላ ማድረግ የቻለችው ነገር አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚቆጫትም ይሄ ነው።

ልብስ ሰፊው በሩን ከፍቶ ቆመ። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ስክሪኑን አላየም። ስክሪኑ ወደሱ አልዞረም ነበር።

«አልገጠመም፣ አይደል?» አላት ለእታለም፣ በለሰለሰ ድምፅ። «አይዞሽ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

የሚስቱን እጅ ያዘ። ተያይዘው በኮሪደሩ ወጡ። ከኋላ ላያቸው ተፋቅረው ያረጁ ባልና ሚስት ነው የሚመስሉት።

ዶክተሩ ሲመለስ እታለም ሁሉንም አሳየችው። አሁን ግን አልሳቀም። ሦስቱን ግንባሮች ጎን ለጎን አድርጎ ረጅም ሰዓት አየ። ከዚያ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል፣ ለማንም እንዳትናገሪ አላትና ጃኬቱን አንስቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ኮምፒውተሩን ሳይዘጋ።

ሐሙስ ዕለት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የእታለም ስልክ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«አገኘሁት...»

ሴትዮዋ ናት። አፏን ስልኩ ላይ ለጥፋ ነው የምታወራው።

«ማንን? የት ነዎት?»

«ቤት። ጓዳ። ግድግዳው ውስጥ...»

«ምን?»

«ጆሮዬን ለጥፌ... ያንኮራፋል።»

እታለም ከምሳዋ ተነሳች። አሁኑኑ ይውጡ አለቻት፣ ድምፅዎን አጥፍተው ይውጡ፣ በር ላይ የሚያስቆምዎት ሰው እንኳ ቢኖር አያናግሩ። ሴትዮዋ የምትሰማት አትመስልም።

«ሰላሳ ዓመት የሰማሁት ነው፣ ልጄ። አይጠፋኝም።»

ከወደ ጀርባዋ በር ሲከፈት ተሰማ። ቀጥሎ የወንድ ድምፅ... የተረጋጋ፣ የማይቸኩል።

«አልቋል። ነይ ለኪው።»

ስልኩ ተዘጋ።

እኔ ወደ ታሪኩ የገባሁት እዚህ ላይ ነው። እታለም ደወለችልኝ። እያለቀሰች ስለነበር ግማሹ አልገባኝም። ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ነው ያገኘኋት። ተረኛው ፖሊስ፣ ባልና ሚስት ቤታቸው ተቀምጠው ምን አጠፉ ብሏት ነበር፤ እሷስ ምን ብላ ታስረዳው? አጥንት አልገጠመልኝም ትበለው? አድራሻውን ከካርድ ክፍል ይዛለች። በኔ መኪና ሄድን።

እኔ የጥበቃ ካሜራ ነው የምገጥመው። ከሥራ ስለተጠራሁ የመፈተሻ ካሜራዬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ሁለት ዓይን አለው። አንዱ እንደኛ ብርሃን ያያል። ሌላው ሙቀት ያያል፤ የሞቀው ብርቱካናማ፣ የቀዘቀዘው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱን ደርቦ አንድ ምስል ይሰጣል። የሰው ቅርጽ ካገኘ ደግሞ በቢጫ ሳጥን ይከባል። መንገድ ላይ ስለዚህ ስነግራት የሷና የኔ ሥራ ለካ ወንድማማች ነው አለች። ያን ቀን የቀለደችው እሱን ብቻ ነው።

ቤቱ መንገድ ዳር ነው። ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ከኋላው መኖሪያ። አጠገቡ ጫማ የሚጠግን ሰው ተቀምጧል። ሴትዮዋ ከትንሽ ጊዜ በፊት ወጥታለች አለን። አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ትንሽ ሻንጣ ይዛ። ሰላም ብላኝ ሄደች አለ፤ ወገቧን ያማት ነበር፣ ዛሬ ግን ቀጥ ብላ ነው የምትራመደው።

ባሏስ አልነው።

«ከጠዋት ጀምሮ አላየሁትም» አለ፣ ሚስማሩን ከከንፈሩ ሳያወጣ።

በሩ አልተቆለፈም።

ሱቁ ተጠርጓል። አንዲት ክር መሬት ላይ የለችም። የስፌት መኪናው ተሸፍኗል። የሴትዮዋ ስልክ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ተጣራን። መልስ የለም። ወደ ጓዳው ገባን።

ባዶ ክፍል ነው። አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ። ፀሐይ ገብታበታለች። እታለም ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ትንፋሼን ዋጥኩ።

ራሷን ነቀነቀች። ምንም የለም።

መዳፌን አስጠጋሁ። ሲሚንቶ ነው፣ ይቀዘቅዛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም... ካሜራውን አንስቼ ከፈትኩት።

በኋላ ያን ግድግዳ ያስፈረስነው እኛ ነን። ለምነን፣ ተጨቃጭቀን። ጡብ ነው። ከጡቡ ወዲያ የጎረቤት አጥር ነው። ድመት እንኳ የምትተኛበት ክፍተት የለውም። ከፈረሰ በኋላ ካሜራዬን ብዙ ጊዜ ደገንኩበት፤ ሰማያዊ ብቻ ነው።

ያን ከሰዓት ግን ሰማያዊ ብቻ አልነበረም።

መጀመሪያ አንድ ሳጥን መጣ። ዳር ላይ። ውስጡ ጎበጥ ያለች አጭር ቅርጽ፣ ደብዘዝ ያለ ብርቱካናማ። ቀጥሎ ሁለተኛ፤ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ። ቀጥሎ ሦስተኛ፤ ከሲታ።

እንደ ሕያው ሰው ይሞቃሉ። ተደርድረው ቆመዋል።

ዓይኔን ከስክሪኑ ነቅዬ ግድግዳውን አየሁ። ነጭ ቀለም። ፀሐይ። ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ።

አራተኛው ሳጥን መጥቷል። ከከሲታው አጠገብ። የሴት ቅርጽ ነው። ከሁሉም ይልቅ ደምቋል... ገና ትኩስ ነው።

«እሷ ናት» አለች እታለም፣ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ። «እሷ ናት...»



የሴትዮዋ ቅርጽ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑ የታሰረ ሰው እንደሚዳብሰው እጇን በቀስታ ወደ ጎኗ ሰደደች። ፈለገች። ፈለገች... የከሲታውን ክንድ ነካች፣ ወደ ታች ወረደች።

የከሲታው ጣቶች ተከፈቱ።

ሁለቱ ቢጫ ሳጥኖች ተንቀጠቀጡ፣ ተጠጋጉ። ገጠሙና አንድ ሳጥን ሆኑ።